«ነገ እደውልልሃለሁ» ብዬው ነበር፦ ራሱን ላጠፋ ወንድም የሚደረግ ሐዘንና የአእምሮ ሐኪም ምላሽ

ጥያቄው፦ «የ34 ዓመት መምህርት ነኝ። የምኖረው ከደብረ ሲና ብዙም በማይርቅ ትንሽ ከተማ ነው። የ23 ዓመቱ ታናሽ ወንድሜ ከስምንት ወር በፊት ራሱን አጠፋ። ያገኘችው እናታችን ናት። ደብረ ብርሃን ይሠራበት ከነበረው ፋብሪካ ከወጣ በኋላ ዝምተኛ ሆኖ ነበር፤ አረቄም ያበዛ ነበር። በዋዜማው ማታ ደወለልኝ። ፈተና እያረምኩ ስለነበር «ነገ እደውልልሃለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ለሰው ሁሉ በድንገተኛ ሕመም ሞተ አልን። ቀብሩ በችኮላ ሆነ፤ ፍትሐት አልተደረገለትም፤ አርባውንም ሳናወጣ ቀረን። ፖሊስ ቃላችንን ሲቀበል ወንጀለኞች የሆንን መሰለን። እናቴ ከቤት አትወጣም፤ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ትታለች፤ «ልጄን ልከተለው» ትላለች። የ9 ዓመት ልጄ አጎቱ በምን እንደሞተ ደጋግሞ ይጠይቀኛል። ሰው ‹ጊዜ ያስረሳል› ይለኛል፤ እኔ ግን እንቅልፍ ካጣሁ ቆየሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው? የእንቅልፍ መድኃኒት ብወስድስ? ይህ ነገር በዘራችን አለ ማለት ነው?»

ምላሽ፦ ከጻፉልኝ ሁሉ አስቸኳዩ ስለ እናትዎ በአንድ መስመር ያለፉት ነውና ከእሱ እጀምራለሁ። «ልጄን ልከተለው» የሚለው ቃል በአገራችን ለቅሶ ላይ እንግዳ አይደለም። ሙሾ አውራጇም፣ ደረቷን የምትመታ እናትም «ምነው እኔን ባስቀደመኝ» ትላለች፤ ለቀስተኛውም ሐዘን ያናገራት መሆኑን ስለሚያውቅ አይደነግጥም። ይኸው ልማድ ግን እውነተኛውን አደጋ ሊሸፍነው ይችላል። ድንኳን ውስጥ በሰው መካከል እየተለቀሰ የሚነገር ቃልና ከስምንት ወር በኋላ ጓዳ ውስጥ ብቻ ተቀምጠው በደረቅ ድምፅ የሚናገሩት ቃል ክብደታቸው ይለያያል። እናትዎ ልጃቸውን በዚህ መንገድ ያጡ፣ ያገኙትም ራሳቸው የሆኑ፣ ከጎረቤትም ከደጀ ሰላምም የተለዩ ሰው ናቸው። ራሱን ያጠፋ ሰው የቅርብ ቤተሰብ ለዚሁ አደጋ ከሌላው ሰው ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑ ደግሞ በሙያችን የታወቀ ነው። ስለዚህ ቃላቸውን እንደ ሙሾ አድርገው አይለፉት።

ዛሬ ማታ፣ ቡና ከተጠጣ በኋላ ሌላው ሰው ወጣ ሲል፣ በግልጽ ይጠይቋቸው። «እማዬ፣ ‹ልከተለው› ስትዪ ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ማለት ይበቃል። ጥያቄው ያላሰቡትን ሐሳብ ያስገባባቸዋል ብለው ይፈሩ ይሆናል፤ ብዙ ሰው ይፈራል። እንዲህ ብሎ መጠየቅ አደጋውን እንደማይጨምር ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል፤ ተጠያቂው እንዲያውም ሸክሙን የሚያራግፍበት ሰው ያገኛል። «የለም ልጄ፣ ናፍቆቱ ነው የሚያናግረኝ» ካሉ ጥሩ፤ ያም ሆኖ በየጊዜው ይጠይቁ። «አዎ» ካሉ፣ እንዴት እንደሚያደርጉት አስበው ከሆነ፣ ወይም ንብረታቸውን ማከፋፈል፣ ኑዛዜ የሚመስል ንግግር መናገር፣ እህል ውኃ መተው ካዩባቸው ለደቂቃም ብቻቸውን አይተዉአቸው፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። እስከዚያውም ቢሆን በቤት ውስጥ ያለ የእህል ፀረ ተባይ፣ የጦር መሣሪያና የተከማቸ መድኃኒት ከእጃቸው ይራቅ። ዘመድ ቤት ቢቀመጥ ይሻላል፤ ካልሆነም የሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ቁልፉ ሌላ ሰው ዘንድ ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት ራስን ማጥፋትን ለመከላከል ከሚመክራቸው ዋና ዋና እርምጃዎች አንዱ ይህ ነው። ከባዱ ሰዓት ብዙ ጊዜ አጭር ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት መጥፊያው በእጅ አለመኖሩ ብቻውን ሕይወት ያተርፋል።

አሁን ወደ ስልኩ። ወንድምዎ በዚያ ማታ ሲደውል እርስዎ የሚያውቁት ሥራ ያጣ፣ ዝምታ ያበዛ፣ አረቄ የሚደጋግም ወንድም እንዳለዎት ነው። እንዲህ ያለ ወጣት በሰሜን ሸዋ ዞን ከተሞች በየሰፈሩ አለ፤ እጅግ አብዛኞቹም ራሳቸውን አያጠፉም። ዛሬ ግን መጨረሻውን ያውቃሉ። መጨረሻውን ያወቀ ሰው ወደ ኋላ ሲመለከት እያንዳንዱ ቃል ምልክት፣ እያንዳንዱ ዝምታ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ይታየዋል። በጣርማ በር ጭጋግ ውስጥ መኪና የነዳ ሰው ጭጋጉ ሲገፈፍ ገደሉን አይቶ «እንዴት ይህን አላየሁም?» ቢል ማን ይፈርድበታል? እርስዎ ግን በራስዎ ላይ እንዲህ ነው የፈረዱት።

በምክክር ክፍል የምናሠራው አንድ ነገር አለ፤ እርስዎም ቤትዎ ሆነው ሊያደርጉት ይችላሉ። አንድ ወረቀት ይውሰዱና በዚያ ማታ፣ ስልኩ በተዘጋበት ደቂቃ፣ ስለ ወንድምዎ የሚያውቁትን ብቻ ይጻፉ። ምን አለ? ድምፁ እንዴት ነበር? ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ በሌሊት ደውሎ በማግሥቱ በደኅና አውርታችሁ ነበር? ከሞቱ በኋላ የሰሙት፣ ጓደኛው የነገረዎት፣ ከስልኩ ላይ ያነበቡት ነገር እዚያ ወረቀት ላይ አይግባ። ከዚያም ያንን ወረቀት ብቻ ለያዘች ሌላ እህት ይፍረዱ። ብዙ ሰው ይህን ሲያደርግ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ወረቀቱም ከጠበቀው በላይ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። በዚያ ማታ ረዥም ሰዓት አውርታችሁ ቢሆን ይተርፍ ነበር ወይ? ለዚህ መልስ የለም፤ እኔም አልሰጥዎትም፤ «አዎ» የሚልም «አይ» የሚልም ሰው ያላወቀውን ነው የሚናገረው። «ባወራሁት ኖሮ» የሚለው ቁጭት ምናልባት ዕድሜ ልክ አብሮዎት ይኖር ይሆናል፤ ከእሱ ጋር መኖር ይቻላል። «እኔ ገደልኩት» የሚለው ግን ሐሰት ነው፤ በእሱ ላይ ሕይወት መገንባት አይቻልም።

ስለ ምክንያቱም አንድ ስሕተት ላርም። ደብዳቤዎ ውስጥ ሥራ ማጣቱ፣ አረቄው፣ ስልኩ እየተፈራረቁ «ምክንያቱ ይህ ነው» ተብለው ቀርበዋል። ራስን ማጥፋት በአንድ ምክንያት አይመጣም። ብዙ ጊዜ ከሥሩ ያልታከመ የድብርት ሕመም ወይም ሌላ የአእምሮ ሕመም አለ፤ በላዩ ላይ መጠጥ፣ ኪሳራ፣ ውርደት፣ ብቸኝነት ይደራረብበታል። ድብርት በወጣት ወንዶች ላይ ሁልጊዜ በለቅሶና በመተከዝ አይገለጥም፤ ቁጡነት፣ ከሰው መሸሽ፣ ጠርሙስ ማዘውተር ሆኖ ይመጣል፤ ቤተሰቡም «ጠባዩ ተበላሸ» ብሎ ይቀየመዋል። ራስን ማጥፋትን በማጥናት ስሙ የሚነሣው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኤድዊን ሽናይድማን በሞቱ ሰዎች ማስታወሻዎች ውስጥ ደጋግሞ ያገኘው የሐሳብ መጥበብን ነው፤ ሰውየው ሊቋቋመው ባልቻለው ስቃይ ተይዞ፣ ከመሞት ውጭ ያለው መውጫ ሁሉ ከዓይኑ ይሰወርበታል። እናቱንና እህቱን መውደዱ አልጠፋም ይሆናል፤ በዚያ ሰዓት ግን አልታየውም። ይህን የምነግርዎ «አልወደደንም» ብለው እንዳያስቡ ነው።

በዚሁ ላይ፣ ሳይጠይቁኝ፣ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በብዙ ቤት ጥፋተኛ ፍለጋው ከሞቱ የማይተናነስ ጉዳት ያደርሳል። አባት እናትን፣ ወንድም የሟችን እጮኛ፣ አጎት አለቃውን ይወነጅላል፤ ቂም በቀላሉ በማይረሳበት አገር ደግሞ ነገሩ ወደ ደም ሊሄድ ይችላል። በቤተሰባችሁ ውስጥ «በእሷ ምክንያት ነው» የሚል ንግግር ተጀምሮ ከሆነ በሽማግሌ ሳይሆን በእውቀት ይቁም፤ ሐኪም ፊት አብራችሁ ቅረቡና ስለ ሕመሙ ስሙ። የፖሊሱን ጉዳይም እንደ ክስ አይዩት። ከተፈጥሮ ሞት ውጭ የሆነ ሞት ሁሉ ይጣራል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 ሌላውን ራሱን እንዲያጠፋ ያነሣሣውን ወይም የረዳውን ስለሚቀጣ፣ መርማሪው እንዲህ ያለ ሰው መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ግዴታው ነው። ሐዘንተኛን በማይጎዳ አንደበት መጠየቅ መቻሉ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ላይ ቅሬታዎ ትክክል ነው።

አሁን በእኔ ግምት ሐዘናችሁን ወዳሠረው ነገር ልግባ፤ በድንገተኛ ሕመም ሞተ ብላችሁ ነበር። ለምን እንዳላችሁ ይገባኛል። ድንኳን ተተክሎ፣ ሰው ለቅሶ ሊደርስ እየመጣ፣ እናት ወድቃ፣ አንድ ሰው «ምን ብለን እንናገር?» ሲል የሚመጣው መልስ ያ ነው፤ ምናልባት እኔም ያንኑ እል ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ይመልከቱ። በሸዋ ገጠር ሐዘንተኛ የሚታከመው በሥርዓት ነው። መርዶው በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ይነገራል፤ ዕድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ ሴቶቹ ንፍሮ ይዘው ይመጣሉ፤ ሰው እየተፈራረቀ ያድራል። ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ እየደረሰ ሐዘንተኛው በየተራ እያለቀሰ፣ በየተራ ደግሞ ማሳው ላይ ወይም ሥራው ላይ ይመለሳል። ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ የሐዘን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባቀረቡት ሐሳብ ጤናማ ሐዘን ማለት በሁለት ነገሮች መካከል መመላለስ ነው፤ ላጡት ሰው ማልቀስና የተቀየረውን ኑሮ መልመድ። የአባቶቻችን የለቅሶ ቀኖች ይህንኑ ያደርጋሉ።

እናንተ ግን ከዚህ ሥርዓት ወጥታችኋል። ቀብሩ በችኮላ፣ አርባው የለም፣ ሙሾውም ያለ ስሙ። ለቅሶ የሚደርስ ሰው ስለ «ሕመሙ» ሲጠይቅ እናትዎ በየጊዜው ውሸት መፍጠር አለባቸው፤ ውሸት የሰለቸው ሰው ደግሞ ከቤት መውጣት ይተዋል። ቤት መዘጋታቸው ሙሉ በሙሉ ሕመም ነው ማለት አልችልም፤ ከፊሉ ምሥጢር ጥበቃ ነው። ጎረቤቱ አያውቅም ብለው የሚያስቡ ከሆነ ደግሞ፣ ትንሽ ከተማ ነው ብለውኛልና፣ አብዛኛው ሰው ያውቃል። አፍሮ ዝም ብሏል እንጂ። እናንተም እሱም ዝም እየተባባላችሁ ነው።

ስለዚህ እውነቱ ይነገር። ለሁሉ አይደለም፤ ዝርዝሩም ለማንም አይደለም። እንዴት እንዳደረገው፣ የት እንደተገኘ፣ ምን ጽፎ እንደነበር የቤተሰቡ ጉዳይ ነው፤ ለሕዝብ መነገሩም አይጠቅምም፤ በተለይ ወጣቶች በተሰበሰቡበት አኳኋኑን መዘርዘር ሌላውን ለአደጋ ይጋብዛል። ለቅርብ ዘመድና ለሚያምኗቸው ጥቂት ጎረቤቶች ግን እንዲህ ይበሉ፦ «አእምሮው ታሞ ነበር፤ እኛ አላወቅንለትም፤ በዚያው ሕመሙ ሕይወቱን በእጁ አጠፋ። ከዚህ በላይ ማውራት አልችልም።» ይህን ዓረፍተ ነገር አስቀድመው በቃልዎ ይያዙት። የመጀመሪያው ቀን ጉሮሮ ያንቃል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ልንገርዎ፤ ከሰሙት መካከል አንዱ ዘወር ብሎ «የእኛም ቤት…» ይላል። በዓለም በየዓመቱ ከ700,000 በላይ ሰው በዚህ ሁኔታ ይሞታል፤ የሰሜን ሸዋ ቤቶችም ከዚህ ቁጥር ውጭ አልሆኑም፤ ሁሉም እንደ እናንተ ደብቆት ነው። ክፉ የሚናገርም ይኖራል። ለእሱ መልስ አያስፈልግም።

ፍትሐቱን በተመለከተ፣ እኔ ሐኪም ነኝ፤ የነፍስ ጉዳይ ሙያዬ አይደለም። እናትዎን ከሁሉ በላይ የሚያነደው ግን ይህ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ፤ የልጃቸው ሞት ሳያንስ የልጃቸው ነፍስ። ቤተ ክርስቲያን ራስን ማጥፋትን አጥብቃ የምታወግዘው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ጥንትም በጉዳዩ ላይ ጥያቄ ተነሥቶ መልስ የተሰጠበት መሆኑን ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ጢሞቴዎስ፣ አእምሮውን ስቶ ሳለ ራሱን ለገደለ ሰው መሥዋዕት ይቀርብለት እንደሆነ ተጠይቆ፣ ካህኑ ሰውየው በእርግጥ አእምሮውን ስቶ እንደነበር በጥንቃቄ መርምሮ እንዲወስን መልሷል። ስለዚህ የእርስዎ ድርሻ ነገሩን ለንስሐ አባታችሁ እንደነበረ መናገር ነው፤ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ከሰው መሸሹን፣ መጠጡን፣ የተናገራቸውን እንግዳ ቃላት። ሐኪም ዘንድ ታይቶ ከነበረ ማስረጃውን ይያዙ። ውሳኔው የእሳቸውና ከእሳቸው በላይ ያሉ አባቶች ነው፤ የሚወሰነውን አስቀድሜ ልነግርዎ አልችልም። እውነቱን ሳያውቁ የፈረዱ አባት ግን እውነቱን ሰምተው እንደገና የሚያዩት ይሆናል። በእፋትና በቀወት ያሉ ሙስሊም ቤተሰቦችም ይኸው ሥቃይ ስላለባቸው፣ እነሱም ስለ ሕመሙ ለሚያምኗቸው ሼህ በግልጽ ቢናገሩ ይበጃቸዋል።

«ጻድቃኔ ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል እናድርሳት» የሚል ዘመድ አይጠፋም። እናትዎ የሚፈልጉ ከሆነ ይሂዱ፤ ከቤት መውጣቱ ብቻውን ለእሳቸው ትልቅ ነገር ነው፤ ጸሎቱም ያጽናናቸዋል። ሁለት ነገር ብቻ ይጠብቁ። አብሯቸው የሚያድር ሰው ይኑር፤ የተጀመረ መድኃኒት ካለ ለጸበል ተብሎ አይቋረጥ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውንና ጸበላቸውን አንድ ላይ እንዲወስዱ መክረው ነበር፤ ለአእምሮ ሕመም መድኃኒትም ምክሩ ይሠራል።

ልጅዎ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሞት መመለስ የሌለው መሆኑን ያውቃል። ደጋግሞ መጠየቁም የሰጡት መልስ እንዳልገጠመለት ያሳያል። ትምህርት ቤት ከጓደኛው ሳይሰማ ከእርስዎ ይስማ። አጠገብዎ አስቀምጠው፣ ስልክ ዘግተው፣ በአጭር ቃል፦ «አጎትህ አእምሮው በጣም ታሞ ነበር። ሕመሙ በትክክል እንዳያስብ አድርጎት ራሱን አጠፋ። አንተ ወይም እኔ ያደረግነው ነገር አይደለም። እኔ ደኅና ነኝ፤ አልታመምኩም። ልብህ ሲከፋ ምንም ቢሆን ንገረኝ።» ከዚህ በኋላ ዝም ይበሉና ጥያቄውን ይጠብቁ። ምናልባት ኳስ ሊጫወት ሮጦ ይወጣል፤ ይህ ግድ የለሽነት አይደለም፤ ልጅ ሐዘንን በትንሽ በትንሹ ነው የሚቀምሰው። ማታ ይመለስበታል። «ተኝቷል»፣ «ሩቅ አገር ሄዷል»፣ «እግዚአብሔር ስለወደደው ወሰደው» አይበሉት። የመጀመሪያው መተኛትን ያስፈራዋል፤ ሁለተኛው መጠበቅን ያስለምደዋል፤ ሦስተኛው መወደድን ያስፈራዋል። ሽንቱን አልጋ ላይ መልቀቅ፣ ከእርስዎ አለመለየት፣ የትምህርት ውጤቱ መውረድ ለጥቂት ሳምንታት ቢታይ አይደንግጡ፤ ከሰነበተ ግን ይታይ። መምህሩ ባልደረባዎ ስለሚሆን ይንገሩት።

«በዘራችን አለ ወይ?» ላሉት፦ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ራስን ማጥፋት መኖሩ የሌሎቹን ተጋላጭነት በተወሰነ መጠን ይጨምራል፤ የድብርት ሕመምም በቤተሰብ ውስጥ ሊደጋገም ይችላል። ተጋላጭነት ግን የተጻፈ ዕጣ አይደለም፤ በዚህ ሁኔታ ዘመድ ካጡ ሰዎች እጅግ አብዛኞቹ በዚህ መንገድ አይሞቱም። የሚወረሰው ነገር ካለ ከስኳር በሽታና ከደም ግፊት ጋር ሲነጻጸር እንግዳ ነገር የለውም፤ ቤተሰቡ ካወቀው ቶሎ ይታከማል፤ ከደበቀው ደግሞ ልጁ አድጎ ሲከፋው የሚናገርበት ሰው ያጣል። የልጅዎ መከላከያ ስለ አጎቱ እውነቱን የሚያውቅ ቤት ነው።

«ጊዜ ያስረሳል» የሚሉዎትን አይመኑ፤ አይጣሏቸውም፤ ደግ አስበው ነው። ሐዘን ደረጃ በደረጃ የሚወጣ መሰላልም አይደለም። መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድብርት፣ መቀበል ተብለው የሚታወቁት አምስቱ ነገሮች ኤልሳቤት ኩብለር ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 የጻፈቻቸው ስለሚሞቱ ሕሙማን ነበር፤ ለሐዘንተኛ መመዘኛ ሆነው አያገለግሉም። በእንዲህ ያለ ሞት ሐዘንተኛው በአንድ ቀን ይናደድበታል፣ ይናፍቀዋል፣ ያፍርበታል፤ ቤቱን ያስጨንቅ የነበረ ሰው ከሆነም ዕረፍት ይሰማውና በዕረፍቱ ደንግጦ ራሱን ይጠላል። ይህ ሁሉ ያለ ነገር ነው። በወንድምዎ መናደድ እሱን አለመውደድ አይደለም።

ይሁንና ሐዘን ራሱን የቻለ ሕመም የሚሆንበት ጊዜ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ የተራዘመ ሐዘን የሚባል ሕመም አለ፤ ከሞቱ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር አልፎ፣ ናፍቆቱ ወይም በሟቹ ሐሳብ መጠመዱ ቀን ከቀን ሳይለቅ፣ ከአካባቢው ልማድ አልፎ ሰውየውን ከሥራና ከኑሮ ሲያስወጣው ነው። የልማዱ ነገር በምደባው ውስጥ በግልጽ መካተቱ ደስ ይለኛል፤ ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ጥቁር መልበስና ዘፈን መተው በሸዋ ሕመም አይደለም። እርስዎ ያስተምራሉ፣ ልጅ ያሳድጋሉ፣ ይጽፋሉ፤ የተሰበረ እንቅልፍና የበደለኝነት ስሜት አለብዎት። ምርመራ የሚያስፈልገው ነው፤ ተስፋ የሚያስቆርጥ ግን አይደለም። እናትዎ ግን ምደባው ከሚለው ጋር ይቀራረባሉ፤ በዚያ ላይ ያገኙት እሳቸው ናቸው። ያንን ያየ ሰው ሌሊት በቅዠት ይባንናል፣ ወደዚያ ክፍል አይገባም፣ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል። ይህ ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ ሌላ ሕመም ነው፤ ሕክምናውም ሌላ ነው። ዘመድ በጠየቀ ቁጥር ያዩትን እንዲተርኩ አይገደዱ፤ ተደጋጋሚ ትረካ ያለ ባለሙያ መሪነት ቁስሉን ይቆሰቁሰዋል።

የእንቅልፍ መድኃኒት ብወስድስ ላሉት፣ አይውሰዱ። ፋርማሲ ሄደው ዳያዘፓም ወይም ብሮማዜፓም የሚባሉትን ለምነው ያገኙ ይሆናል፤ ለጥቂት ሌሊት ያስተኛሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለ እነሱ መተኛት ይከለክላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም የአእምሮ ሕመም የሌለበት ሐዘንተኛ እነዚህን መድኃኒቶች እንዳይሰጠው በግልጽ ይመክራል። የፀረ ድብርት መድኃኒትም ሐዘንን አያክምም፤ ድብርት ካለ ድብርቱን ያክማል፤ ለመሥራትም ሳምንታት ይፈልጋል። አረቄና ጠላ ደግሞ በዚህ ወቅት ጠላት ናቸው፤ ወንድምዎ ያለፈበትን መንገድ ያውቁታልና ማብራሪያ አያስፈልግዎትም። ለእንቅልፉ የሚሻለው አሰልቺ የሚመስለው ነገር ነው፦ በአንድ ሰዓት መነሣት፣ ከሰዓት በኋላ ቡና መተው፣ ማታ የወንድምዎን ስልክ አለመክፈት። መልእክቶቹን አያጥፉ። ስልኩን ለሚያምኑት ሰው አደራ ይስጡና ማየት ሲፈልጉ በቀን፣ ሰው አጠገብዎ ባለበት ይመልከቱት።

የት ይሂዱ? ጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ የጤና ሚኒስቴር የአእምሮ ሕክምናን በጤና ጣቢያ ደረጃ ለመስጠት ጤና መኮንኖችንና ነርሶችን ሲያሠለጥን ቆይቷል፤ እናንተ ጋ ያለው ጤና ጣቢያ የሠለጠነ ሰው ካለው ምርመራውንም ክትትሉንም እዚያው ታገኛላችሁ። ከሌለው ወይም እናትዎ ከላይ የጠቀስኩት አደጋ ካለባቸው ደብረ ብርሃን ወዳለው ሪፈራል ሆስፒታል ይሂዱ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ያለውንም እጥረት ልደብቅዎ አልፈልግም። በሐዘን ምክክር የሠለጠነ ባለሙያ በአገራችን ጥቂት ነው፤ ወረፋውም ረዥም ነው፤ መንገድ በተዘጋ ሰሞን ደግሞ ያም አይገኝም። የመጀመሪያው ሐኪም አምስት ደቂቃ አይቶ መድኃኒት ብቻ ጽፎ ቢያሰናብታችሁ «ሕክምናም አልረዳንም» ብላችሁ አትቅሩ፤ የልጃቸውን ሞት አኳኋን፣ «ልከተለው» ማለታቸውንና ቅዠት ካለባቸውም ያንን ራስዎ ለሐኪሙ ይናገሩ፤ እሳቸው «ራሴን ያመኛል» ብለው ሊያልፉት ይችላሉና። የሚታዘዝ መድኃኒት ካለ በጥቂት በጥቂቱ ይታዘዝ፤ የሚያስቀምጡትና የሚሰጡትም እርስዎ ይሁኑ።

እንግዲህ ምክሬ በቅደም ተከተል ይህ ነው። ዛሬ እናትዎን ይጠይቁ፤ መጥፊያ የሚሆነውን ከቤት ያውጡ። በዚህ ሳምንት ከሥራ ፈቃድ ወስደው ሐኪም ያሳዩአቸው፤ እርስዎም እዚያው ይታዩ። በሚቀጥለው ሳምንት ለልጅዎ ይንገሩት፤ ከዚያም ንስሐ አባታችሁን ያነጋግሩ። ሙት ዓመቱ ሊደርስ አራት ወር ቀርቷል። ቤተ ክርስቲያን ብትፈቅድም ባትፈቅድም፣ ፍትሐት ቢኖርም ባይኖርም፣ ቤታችሁ ውስጥ ሰው ጠርታችሁ ስሙን እየጠራችሁ አልቅሱለት፤ ለዕድሩም ዳኛ አስቀድማችሁ ንገሩት። እናትዎ በዚያ ቀን ከሰው ጋር መቀመጥ ከቻሉ፣ የሚቀጥለውን የሕክምና ቀጠሮ በዚያው ሳምንት ያድርጉት፤ ከእንዲህ ያለ ቀን በኋላ ያሉት ሌሊቶች ይከብዳሉና አብሯቸው የሚያድር ሰው ከአሁኑ ያዘጋጁ።